ሁሉም ዓረፍተ ነገር ስለ አንድ ነገር ነው የሚያወራው፣ ታዲያ ትርፉን በምን ልለየው?

ጥያቄው፦ «ሰላም መምህር። 12ኛ ክፍል ነኝ። እንግሊዝኛ ላይ አንድ አንቀጽ ሰጥተው ከዓረፍተ ነገሮቹ ውስጥ የማይሄደውን አውጡ የሚል ጥያቄ አለ፣ እኔ ሁሌ የምሳሳተው እሱ ላይ ነው። ቃላቶቹ አይከብዱኝም፣ እያንዳንዱ ምን እንደሚል ይገባኛል፣ ግን ሁሉም ስለ አንድ ነገር ስለሚያወሩ ሁሉም የሚሄዱ ይመስለኛል። የሚያስጠናኝ ልጅ አንቀጹ ውስጥ የሚደጋገመውን ቃል ፈልጊና ያ ቃል የሌለበትን አውጪ ይለኛል፣ አንዳንዴ ይሰራል፣ አብዛኛውን ጊዜ ግን አይሰራም። ደሞ ራሴ የምጽፈው ድርሰት ላይ መምህሬ አንድነት የለውም እያለች በቀይ ታሰምርብኛለች፣ ሁለቱ ይገናኛሉ እንዴ?»

ይገናኛሉ እህቴ፣ እንደውም አንድ አይነት ነገር ናቸው። ግን ድርሰቱን ወደ ኋላ ላይ አመጣዋለሁ፣ መጀመሪያ ፈተናውን እንይ፣ ምክንያቱም ሰው የጻፈው ላይ ትርፉን መለየት የለመደ ሰው ነው የራሱ ላይም የሚታየው።

የሚያስጠናሽ ልጅ የነገረሽ ዘዴ በጣም የተለመደ ነው፣ ክፍል ውስጥም ቲቶሪያልም ላይ ሲነገር እሰማለሁ፣ እኔ ግን በግልጽ ተይው ነው የምልሽ። ለምን እንደሆነ እንዲገባሽ ጥያቄው እንዴት እንደሚወጣ ልንገርሽ። ለክፍል ፈተና እንዲህ አይነት ጥያቄ ብዙ አውጥቻለሁ፣ አሰራሩ ይሄ ነው፦ አውጪው በደንብ የተጻፈ አንድ አንቀጽ ይወስዳል፣ አራት ወይ አምስት ዓረፍተ ነገር ያለው፣ ከዛ አንድ ትርፍ ዓረፍተ ነገር ራሱ ይጽፍና መሀል ላይ ይሰካዋል። ትርፉን ሲጽፍ ምን እንደሚያስብ ገምቺ፣ እንዳይነቃበት ነው የሚያስበው። ስለዚ የሚደጋገመውን ቃል ሆን ብሎ ይከትበታል። አንቀጹ ስለ ቡና ከሆነ ትርፉ ውስጥ «ቡና» የሚለው ቃል አይቀርም። በተቃራኒው ትክክለኛዎቹ ዓረፍተ ነገሮች ቃሉን ላይደግሙት ይችላሉ፣ ምክንያቱም ጥሩ ጸሐፊ አንዴ ስሙን ከጠራ በኋላ «እሱ» «ይሄ» «እንዲህ ያለው» እያለ ነው የሚቀጥለው። ስለዚህ ቃል እየቆጠርሽ ከሄድሽ ጥሩውን አውጥተሽ ሰርጎ ገቡን ታስቀሪዋለሽ። አንዳንዴ ይሰራል ያልሽው ጥያቄው በችኮላ የወጣ ሲሆን ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። አንቺ አንቀጹን አንብበሽ ለራስሽ የምትጠይቂው «ስለ ምንድነው?» ብለሽ ነው። እሱን ከጠየቅሽ ሁሉም ያልፋሉ፣ ያልሽው ትክክል ነው፣ ሁሉም ስለ አንድ ነገር ነው የሚያወሩት። መጠየቅ ያለብሽ «ስለዛ ነገር ምን እያለኝ ነው?» ብለሽ ነው። ቡና ርዕስ ነው። «ቡና ለገበሬው የሚከፍለው ከድካሙ ያነሰ ነው» ደሞ አንድ ሰው ቆሞ የሚከራከርለት ሀሳብ ነው። አንቀጽ የሚቆመው በሁለተኛው ነው። አማርኛ ክፍል ኃይለ ቃል ብለው ያስተማሩሽ ይሄንኑ ነው፣ ችግሩ አብዛኛው ተማሪ ኃይለ ቃል ማለት የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ማለት ነው ብሎ ሸምድዶ ያልፋል፣ እሱ ላይ እመለስበታለሁ።

ፍርድ ቤት የቆመ ምስክር አስቢ። ሰውዬው የሚናገረው በሙሉ እውነት ሊሆን ይችላል፣ ተከሳሹንም ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀው ይሆናል፣ ግን ዳኛው የያዘው ጭብጥ በዛን ቀን በሬውን ማን ነዳው የሚል ከሆነ «ተከሳሹ ጥሩ ዘፋኝ ነው» ሲል ያስቆመዋል። ዋሸህ አይለውም፣ ከጭብጡ ውጪ ነው ነው የሚለው። ትርፍ ዓረፍተ ነገርም እንደዛ ነው፣ ውሸት ሆኖ አይደለም የሚወጣው፣ ሰዋስው ተሳስቶም አይደለም፣ የሚያወራው ሌላ ነገር ሆኖም አይደለም።

በምሳሌ እንየው። ምሳሌዎቹን በአማርኛ የማደርገው እንግሊዝኛው ሳያደናቅፍሽ አስተሳሰቡ ብቻ እንዲታይሽ ነው፣ አስተሳሰቡ በሁለቱም ቋንቋ አንድ ነው። አመተ ምህረቶቹ በፈረንጅ ናቸው።

(1) አበበ ቢቂላ በ1964 የቶኪዮን ማራቶን የሮጠው በሙሉ አቅሙ ሳይዘጋጅ ነበር። (2) ውድድሩ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት የትርፍ አንጀት ቀዶ ጥገና ተደረገለት። (3) በዚህ ምክንያት በመጨረሻዎቹ ሳምንታት እንደሚፈልገው መለማመድ አልቻለም። (4) አበበ ከአራት አመት በፊት ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማራቶን ሮጦ የወርቅ ሜዳሊያ አግኝቷል። (5) እንዲህም ሆኖ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ፣ በወቅቱ የዓለም ምርጥ በሆነ ሰዓት አንደኛ ወጣ።

ትርፉ (4) ነው። እይው እስኪ፣ የአበበ ስም አለበት፣ ማራቶን አለበት፣ ወርቅ አለበት፣ ከሁሉም በላይ እኛ በደንብ የምናውቀውና የምንወደው ታሪክ ነው። (2) እና (3) ውስጥ ግን «አበበ» የሚል ቃል የለም። በቃል ቆጠራ ብትሄጂ ቀዶ ጥገናውን ነበር የምታወጪው፣ «ይሄ ስለ ህክምና ነው» ብለሽ። አንቀጹ ግን እያለ ያለው «ሳይዘጋጅ ነው የሮጠው» ነው። ቀዶ ጥገናው ለምን እንዳልተዘጋጀ ይነግርሻል፣ (3) ያስከተለውን ይነግርሻል፣ (5) ደሞ ያም ሆኖ የመጣውን ውጤት። የሮሙ ድል በዚህ ሁሉ ውስጥ ምን ስራ ይሰራል? ምንም።

ሁለተኛ ማረጋገጫ እዚሁ ላይ አለልሽ። (5) የሚጀምረው «እንዲህም ሆኖ» ብሎ ነው። «እንዲህ» የሚለው ወደ ኋላ የሚጠቁመው ወደ ምንድነው? (4) መሀል ላይ ከቆየ «በባዶ እግሩ ወርቅ አግኝቷል፣ እንዲህም ሆኖ አሸነፈ» ይሆንብሻል፣ ትርጉም የለውም። (4)ን በጣትሽ ሸፍነሽ (3)ን ከ(5) ጋር አንብቢያቸው፣ «መለማመድ አልቻለም፣ እንዲህም ሆኖ አሸነፈ»፣ ግጥም ይላል። ቅድም እንዳልኩሽ አውጪው ከነበረ ጥሩ አንቀጽ ላይ ነው ትርፉን የሰካው፣ ስለዚ ትርፉን ስታነሺው በፊት የነበረው አንቀጽ ተመልሶ ይገጥማል። ይሄ ማረጋገጫ በጣም ጠንካራ ነው። እንግሊዝኛው ላይም እንደ ዚስ፣ ዚዝ፣ ሰች፣ ሃውኤቨር፣ ኤዝ ኤ ሪዛልት ያሉ ቃላት ያለበትን ዓረፍተ ነገር ስታገኚ ቆም በይና ከሱ በፊት ያለው እውነት የሚጠቁመው ነገር ነው ወይ ብለሽ ጠይቂ።

ከዚህ ምሳሌ ሳንወጣ አንድ ነገር ላሳይሽ፣ ለኔ ከሁሉም በላይ አስፈላጊው እሱ ስለሆነ። የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ብቻ ቀይሪው። «አበበ ቢቂላ በ1964 ቶኪዮ ላይ የኦሊምፒክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ በተከታታይ በማሸነፍ የመጀመሪያው ሰው ሆነ» በይው። አሁን (4)ን ተመልሰሽ እይው፣ ያለ እሱ አንቀጹ አይቆምም፣ የመጀመሪያው ድል የትና መቼ እንደሆነ የሚነግርሽ እሱ ነው። እንደውም አሁን የሚያጠራጥረው የቀዶ ጥገናው ነገር ሆነ። ዓረፍተ ነገሩ አንድ ፊደል አልተለወጠም፣ የተለወጠው አንቀጹ የሚከራከርለት ሀሳብ ነው። ስለዚህ ዓረፍተ ነገሮቹን ለየብቻ እያየሽ «የቱ ነው እንግዳ የሚመስለው» ብለሽ ብትፈልጊ አታገኚውም፣ በተፈጥሮው ትርፍ የሆነ ዓረፍተ ነገር የለም። ዝም ብሎ ከምርጫ ሀ ጀምሮ አንድ በአንድ መመርመር ጊዜሽን የሚበላውም ለዚህ ነው። መጀመሪያ አንቀጹን በሙሉ አንብቢ፣ ከዛ በአማርኛም ይሁን በፈለግሽው ቋንቋ በሆድሽ አንድ ዓረፍተ ነገር በይ፣ «ይሄ ሰውዬ እያለኝ ያለው ይሄን ነው» በይ፣ ግስ ያለው ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይሁን። «ስለ አበበ» ካልሽ ገና ነሽ። «አበበ ሳይዘጋጅ ሮጦ አሸነፈ» ካልሽ ደርሰሻል።

አሁን ወደ ኃይለ ቃል ቦታ። ሁሌ መጀመሪያ ላይ ነው ብለሽ ካመንሽ የሚከተለው አይነት ይጥልሻል።

(1) ድሬዳዋ ከተማ የሆነችው ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ ሽቅብ ወደ ሐረር መውጣቱን ትቶ ከተራራው ስር ስላለፈና በ1902 እዛ ስለደረሰ ነው። (2) አዋሽ ሰባትም መነሻዋ ባቡር ጣቢያ ነው። (3) ባቡሩ ውሃ ሊሞላ በሚቆምባቸው ትናንሽ ጣቢያዎች ዙሪያም ሻይ ቤትና ሱቅ ተከፈተ፣ ሰው ሰፈረ። (4) ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። (5) ባቡሩ እቃና መንገደኛ ማመላለሻ ብቻ ሳይሆን ከተማ ቆርቋሪም ነበር ማለት ይቻላል።

የመጀመሪያውን ኃይለ ቃል ነው ብላ የያዘች ተማሪ «አንቀጹ ስለ ድሬዳዋ ነው» ትልና (2)ን ታወጣለች፣ አዋሽ እዚህ ምን ያደርጋል ብላ። (4)ማ አመተ ምህረትም አለው፣ ሐዲድም አለው፣ ከ(1) ጋርም በጊዜ ቅደም ተከተል ይሄዳል፣ በ1902 እዚህ በ1917 እዛ። ግን አንቀጹ የሐዲዱን ጉዞ እየተረከ አይደለም። ሀሳቡ የተቀመጠው መጨረሻ ላይ ነው፣ ባቡር ከተማ ቆረቆረ የሚል ነው። ድሬዳዋ አንድ ማስረጃ፣ አዋሽ ሁለተኛ ማስረጃ፣ ትናንሾቹ ጣቢያዎች ሶስተኛ። አዲስ አበባ ደሞ ባቡሩ ከመግባቱ በፊት የነበረች ከተማ ናት፣ እሱ አልቆረቆራትም፣ ስለዚ (4) ማስረጃ ሊሆን አይችልም። አንዳንዴ ደሞ ሀሳቡ የትም ላይ በግልጽ አይጻፍም፣ ሶስት አራት ማስረጃ ደርድሮ አንቺ እንድትደርሺበት ይተውልሻል። ያኔ «እነዚህ ሁሉ ተደምረው ምን ያሳምኑኛል?» ብለሽ ነው የምታገኚው። ሶስቱ ወደ አንድ አቅጣጫ ሲጎትቱ አንዱ ዝም ብሎ ከቆመ እሱን ጠርጥሪ።

ከዚህ ቀጥሎ ጎበዝ ተማሪዎችን የሚጥል አንድ ወጥመድ አለ፣ ምናልባት አንቺንም የሚጥልሽ እሱ ነው፣ ቃላቱ ይገቡኛል ስላልሽ። አንቀጹ ውስጥ ሀሳቡን የሚቃወም የሚመስል ዓረፍተ ነገር ይኖራል፣ ተማሪው «አሀ ይሄ ተቃራኒ ነው» ብሎ ይዞት ይወጣል። ይሄን እይ፦

(1) እንሰት የሚተክል ገበሬ ክፉ ጊዜ ሲመጣ መጠጊያ አለው። (2) ዝናብ ቢዘገይም ተክሉ እንደ እህል ቶሎ አይደርቅም። (3) ከተክሉ የሚገኘው ቆጮ ጉድጓድ ውስጥ ተቀብሮ ለረጅም ጊዜ ይቆያል። (4) እርግጥ ነው እንሰት ተተክሎ እስኪደርስ ድረስ አመታት ይፈጃል። (5) ከደረሰ በኋላ ግን በአንድ ወቅት ካልታጨደ ብሎ አያስቸግርም፣ ገበሬው በተቸገረ ሰዓት ሄዶ ይቆርጠዋል። (6) የቡላ ገንፎ ለአራስ ሴት ይሰጣል።

ብዙ ሰው (4)ን ያወጣል። አንቀጹ እንሰትን እያመሰገነ ሳለ እሱ ድክመቱን ስለሚናገር። ነገር ግን (4) እዛ የተቀመጠው (5) እንዲመልስለት ነው። «እርግጥ ነው» ብሎ ድክመቱን ያምናል፣ «ግን» ብሎ ይመልሳል። (4)ን ካወጣሽው (5) ላይ ያለው «ከደረሰ በኋላ ግን» የሚለው ምን ላይ ይቆማል? የትርፍ ዓረፍተ ነገር ዋና ምልክቱ ሲወጣ ማንም አለመጉደሉ ነው፣ (4) ሲወጣ ግን (5) ይጎድላል። (6)ን አውጪው፣ ማንም አይጠይቅም። እውነት ነው፣ የቡላ ገንፎ ለአራስ ይሰራል፣ ቡላ የሚገኘውም ከእንሰት ነው፣ ግን ክፉ ጊዜን ስለመቋቋም የሚለው ነገር የለም። መጨረሻ ላይ መቀመጡም ያታልላል፣ መጨረሻ ያለው ሁሉ መደምደሚያ የሚመስላቸው ልጆች አሉ።

ስለዚህ ሁለት ላይ ስትቀሪና የቱን ላውጣ ስትይ (ሁሌ ይመጣል ይሄ) የምትጠይቂው ጥያቄ ይሄ ነው፣ ይሄኛው ቢወጣ ቅር የሚለው ጎረቤት አለው ወይ? ቅር የሚለው ካለው ይቆያል።

ሌላ በፍጥነት ልጥቀሳቸው የምፈልጋቸው አሉ። አንዳንዴ ትርፉ ከስፋቱ ይታወቃል። አንቀጹ ዋልያ ከሰሜን ተራሮች ውጪ የትም እንደማይገኝና ያ ጠባብ ቦታ ለአደጋ እንዳጋለጠው እያብራራ ሳለ «ኢትዮጵያ ብዙ ብርቅዬ እንስሳት አሏት» የሚል ቢመጣ ሰፍቶ ነው የሚወጣው፣ ያው ካሜራው ከአንድ እንስሳ ተነስቶ አገር ሙሉ አየ። ወይ ደሞ አነጋገሩ ይቀየራል፣ እስካሁን ሲያብራራ የነበረ ጽሁፍ ድንገት «ወደ ተራራው ስትሄዱ ወፍራም ጃኬት መያዝ እንዳትረሱ» ብሎ ምክር ይጀምራል። ወይ ጊዜው ይዘላል፣ ስለ ድሮ እየተረከ ሳለ አሁን ያለውን ያመጣል። እነዚህ ቀላሎቹ ናቸው፣ ካወቅሻቸው አይጥሉሽም። ግን ጊዜ ስለተቀየረ ብቻ አታውጪ፣ «ዛሬም ድረስ» ብሎ የድሮውን ውጤት ሊያሳይ ሊሆን ይችላል፣ መለኪያው ያው ለሀሳቡ መስራት አለመስራቱ ነው።

ስለ ከባድ ቃል ደሞ ይሄን አስታውሺ። ፈተና ላይ ስትጨናነቂ የማታውቂው ቃል ያለበት ዓረፍተ ነገር ሁሌ እንግዳ ይመስልሻል፣ ስላልገባሽ ብቻ የማይሄድ ይመስልሻል። አላወቅሽውም ማለት ትርፍ ነው ማለት አይደለም። እንዲህ ሲያጋጥምሽ ቃሉን ዝለይውና ዓረፍተ ነገሩ በምን እንደተጀመረ እይ፣ «ለምሳሌ» ካለ ምሳሌ ነው፣ «ስለዚህ» ካለ ውጤት ነው፣ ቃሉን ሳታውቂም ስራውን ማወቅ ትችያለሽ። ቁጥርና የሰው ስም የበዛበትንም እንደዛው፣ ዝርዝር ስለሆነ ብቻ ከሌሎቹ የተለየ ይመስላል፣ ዝርዝር ግን ብዙ ጊዜ ማስረጃ ነው።

ወደ ድርሰትሽ እንምጣ። መምህርሽ አንድነት የለውም ስትል እያለችሽ ያለችው አንቀጽሽ ውስጥ ትርፍ አለ ነው። ልዩነቱ ፈተናው ላይ ሌላ ሰው ሆን ብሎ ነው የሰካው፣ እዚህ አንቺ ሳታውቂው ነው የገባው። እንዴት ይገባል? አብዛኛውን ጊዜ ስለምታውቂው ነው የሚገባው። ስለ አዲስ አበባ የጠዋት ትራንስፖርት ጻፊ ብትባይ «ጠዋት የታክሲ ሰልፍ ተማሪን ከትምህርት ያስቀራል» ብለሽ ትጀምሪያለሽ፣ ጥሩ፣ ሀሳብ ነው ይሄ፣ ከዛ ሁለተኛው ላይ «አዲስ አበባ በ1886 የተቆረቆረች የአፍሪካ ህብረት መቀመጫ የሆነች ታላቅ ከተማ ናት» ይመጣል። እርግጠኛ ነኝ አይተሽዋል፣ የክፍል ጓደኞችሽ ድርሰትም ውስጥ አለ፣ ጋዜጣ ላይም አለ። የሚገባው አዲስ አበባ የሚለውን ስም እንደጻፍሽ ጭንቅላትሽ ስለ አዲስ አበባ የያዘውን ሁሉ ስለሚያቀብልሽ ነው። መስመር ለመሙላትም ይገባል፣ ሁለት ገጽ ጻፉ ስትባሉ ያው ከየትም ይለቀማል። ይሄ ደሞ የተማሪ ጥፋት ብቻ አይደለም፣ በገጽ ብዛት ነጥብ ስንሰጥ እኛ መምህራን ራሳችን ትርፍ ዓረፍተ ነገር እያስተማርን ነው፣ ይሄ ነገር ቢቀር እላለሁ ከልቤ።

የማደርገውን ልንገርሽ፣ ተማሪዎቼንም የማስደርገው ይሄንን ነው። አንቀጹን ጽፈሽ ከጨረስሽ በኋላ ከእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ጎን በህዳጉ ላይ ስራውን በአንድ ቃል ጻፊ። ሀሳብ፣ ምክንያት፣ ምሳሌ፣ ማስረጃ፣ ተቃውሞ፣ መልስ፣ ውጤት፣ እንደዛ። ምን እንደሚል አይደለም የምትጽፊው ምን እንደሚሰራ ነው። «የታክሲ ሰልፍ ተማሪን ያስቀራል» ሀሳብ። «ከአንድ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ሰራተኛውም ተማሪውም አንድ ላይ ይወጣል» ምክንያት። «አዲስ አበባ የአፍሪካ ህብረት መቀመጫ ናት»፣ እዚህ ላይ እስክሪብቶሽ ይቆማል፣ የምትጽፊው ቃል ታጫለሽ። ስራ ያጣሽለት ዓረፍተ ነገር ትርፍ ነው።

ስታገኚው ግን ወዲያው አትሰርዢው። ሁለት እድል አለው። አንደኛ ሌላ አንቀጽ ውስጥ ስራ ሊኖረው ይችላል፣ ስለ ስብሰባ ቀን መንገድ መዘጋት የምትጽፊ ከሆነ የአፍሪካ ህብረቱ ነገር እዛ ማስረጃ ይሆናል። ሁለተኛ ምናልባት ስራ አለው ግን አላሰርሽውም፣ አንቺ በሆድሽ ግንኙነቱን ታውቂዋለሽ አንባቢው ግን አያውቀውም፣ ያኔ የሚጎድለው ማገናኛው ነው፣ አንድ ግማሽ ዓረፍተ ነገር ብትጨምሪ ይቀመጣል። ሁለቱም ካልሆነ ይውጣ፣ ጥሩ ቢጻፍም ይውጣ። ጥሩ የተጻፈ ትርፍ ለማውጣት ልብ ይጠይቃል፣ አውቃለሁ፣ ግን አንባቢሽ አንዴ መንገዱ ከጠፋበት ለቀጣዩ ጥሩ ዓረፍተ ነገርሽም አይደርስልሽም።

ለልምምድ ሁሌ መጽሐፍ ግዢ አልልሽም። ከጓደኛሽ ጋር አድርጉት። የታሪክ ወይ የባዮሎጂ መጽሐፍሽን ግለጪ፣ አንድ ጥሩ አንቀጽ ገልብጪ፣ አንድ ትርፍ ራስሽ ጽፈሽ ስኪበትና ለሷ ስጫት፣ እሷም ላንቺ ትስጥሽ። ህጉ ትርፉ እውነት መሆን አለበት፣ የአንቀጹን ዋና ቃል መያዝ አለበት፣ ከጎረቤቱ ጋርም መመሳሰል አለበት። አንድ ሳምንት እንዲህ ስትሰሩ አውጪው ምን እንደሚያስብ ከውስጥ ነው የምታውቁት፣ ለእኔ መቶ የተሰራ ጥያቄ ከማገላበጥ ይሄ ይበልጥብኛል። እንግሊዝኛውም ላይ አድርጉት፣ መጀመሪያ ላይ ትንሽ ቀስ ይላል ግን ይለመዳል።

እስከዛ ይሄን አንድ ሞክሪ፣ መልሱን ከስር አድርጌዋለሁ፣ ሳታዪ ስሪው።

(1) የአክሱም ሐውልት ከሮም ወደ ቦታው መመለሱ ስምምነት በመፈረም ብቻ የሚያልቅ ስራ አልነበረም። (2) ወደ 160 ቶን የሚጠጋውን ድንጋይ እንዳለ ማንሳት ስለማይቻል በሶስት ተከፍሎ መጓጓዝ ነበረበት። (3) ለዚህም በዓለም ካሉት ግዙፍ የጭነት አውሮፕላኖች አንዱ የሆነው አንቶኖቭ አስፈለገ። (4) ሮም በቆየባቸው አመታት ሐውልቱ የቆመው የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ከሚገኝበት ህንጻ ፊት ለፊት ነበር። (5) የአክሱም ኤርፖርትም እንዲህ ያለውን አውሮፕላን እንዲቀበል መስተካከል ነበረበት። (6) በ2005 አገሩ ከገባ በኋላ እንኳን ተገጣጥሞ የቆመው በ2008 ነው።

መልሱ (4) ነው። አንቀጹ የሚለው መመለሱ ከባድ ስራ ነበር ነው። ክብደቱ፣ አውሮፕላኑ፣ ኤርፖርቱ ሁሉም የስራውን ክብደት ያሳያሉ፣ ሮም የት ቆሞ ነበር የሚለው ግን ክብደቱን አይጨምርም አይቀንስም። (5) ውስጥ ያለው «እንዲህ ያለውን አውሮፕላን» የሚጠቁመው ወደ (3) ነው፣ (4) መሀላቸው ገብቶ ነው የለያያቸው። (6)ን አውጥተሽ ከሆነ አመተ ምህረት ብቻ መስሎሽ ነው፣ «እንኳን» የሚለውን ቃል ተመልሰሽ እይው፣ አገር ቤት ከገባ በኋላም ሶስት አመት ፈጀ እያለሽ ነው፣ ያ ደሞ ከባድ ነበር ለሚለው ሀሳብ ከሁሉም ጠንካራው ማስረጃ ነው።